“ሆዴን ነው” ያለች እህት ማስታገሻ ብቻ ይዛ እንዳትመለስ



ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች ስንጽፍም ስንነጋገርም አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ስለ ክትትል፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ወሊድና ጡት ስለማጥባት ነው። ሁሉም ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚመለከተው እርጉዝ መሆኗ የታወቀላትን እናት ነው። ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት እርጉዝ መሆኗን ራሷ ሳታውቅ፣ ባሏም ሳያውቅ፣ ከጤና ጣቢያም የክትትል ካርድ ሳታወጣ በአንድና በሁለት ቀን የሆድ ሕመም ሕይወቷ ሊያልፍ ስለሚችል እናት ነው። ችግሩ ከማህፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና ይባላል። ሐኪሞች ኤክቶፒክ ይሉታል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝን አቋም ከመጀመሪያው ልግለጽ። ብዙ ሰው ይህ ችግር በገጠር የሚገድለው አልትራሳውንድና ስፔሻሊስት ስለሌለ ነው ይላል። እኔ ግን በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆሜ ባሳለፍኳቸው ዓመታት የተረዳሁት ሌላ ነው። ከመሣሪያው እጥረት በፊት የሚገድለው የአንድ ጥያቄ እጥረት ነው። ጥያቄውም “የወር አበባሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?” የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በጊዜው ከተጠየቀ የቀረው መንገድ ረጅምም ቢሆን ይደረስበታል። ካልተጠየቀ ግን ሆስፒታሉ ጎረቤት ቢሆን እንኳ ላይጠቅም ይችላል።

ለመሆኑ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ምንድን ነው?

በተለመደው የአላህ ሥርዓት የሴቷ እንቁላል ከወንዱ ዘር ጋር የሚገናኘው ወደ ማህፀን በሚወስደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ነው። ከዚያም ጽንሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ማህፀን ወርዶ ግድግዳው ላይ ይተከላል። አንዳንድ ጊዜ ግን መንገዱ ጠቦ ወይም ቆስሎ ይቆይና ጽንሱ ማህፀን ሳይደርስ እዚያው ይተከላል። ከ100 እንዲህ ዓይነት እርግዝናዎች ከ90 በላይ የሚሆኑት በዚሁ ቱቦ ውስጥ የሚገኙ ናቸው። ማህፀን ሕፃኑ ባደገ ቁጥር አብሮ የሚለጠጥ ወፍራም ጡንቻ ነው። ቱቦው ግን እንዲህ ያለ አቅም የለውም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት ቀን አንስቶ ባሉት ከ6 እስከ 10 ሳምንታት ውስጥ ቱቦው ይቀደድና ደም ወደ ሆድ ውስጥ መፍሰስ ይጀምራል። ደሙ ወደ ውጭ ስለማይታይ ቤተሰብ አይደነግጥም። አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ከ100 እርግዝናዎች 1 ወይም 2 የሚሆኑት እንዲህ ያሉ ናቸው። ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡት ቀደም ሲል የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን የነበረባቸው፣ ከዚህ በፊት ይኸው ችግር የገጠማቸው፣ በቱቦው ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ ለረጅም ጊዜ መውለድ ያስቸገራቸውና ሉፕ እያላቸው ያረገዙ ሴቶች ናቸው። ስለ ሉፕ ግን በትክክል እንረዳ። ሉፕ እርግዝናን ስለሚከላከል በአጠቃላይ ችግሩን ይቀንሳል። አልፎ አልፎ ሉፕ እያለ እርግዝና ከተፈጠረ ግን ከማህፀን ውጭ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ደግሞ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም የሌላቸው መሆኑ ነው። ስለዚህ “እሷ ጤነኛ ነች፣ አራት ልጅ ወልዳለች” ማለት ዋስትና አይሆንም።

ጥንትም የታወቀ፣ መፍትሔውም የቆየ

ይህ አዲስ በሽታ አይደለም። ከ936 እስከ 1013 እ.ኤ.አ. የኖረው የአንደሉሱ ታላቅ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ “አት-ተስሪፍ” በተሰኘው መጽሐፉ ውስጥ ጽንሷ በሆዷ ሞቶ ስለቀረ አንዲት ሴት ጽፏል። ከረጅም ጊዜ በኋላ እምብርቷ አካባቢ አብጦ መግል ሲፈስ አጥንት አብሮ ይወጣ ጀመር። አዝ-ዘህራዊ ይህ የሞተው ጽንስ አጥንት መሆኑን ተገንዝቦ አወጣላት፤ ሴቲቱም ከዚያ በኋላ ኖራለች። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ከማህፀን ውጭ ስለሚፈጠር እርግዝና ከተጻፉት ጥንታዊ መግለጫዎች አንዱ አድርገው ይጠቅሱታል።

በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የነበረው ሎውሰን ቴይት የተባለ ቀዶ ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1883 ሆድን ከፍቶ የተቀደደውን ቱቦ በማሰርና በማውጣት የሴቲቱን ሕይወት ማትረፍ እንደሚቻል አሳየ። በዚያ ዘመን አልትራሳውንድ አልነበረም፤ ፔኒሲሊንም አልነበረም፤ የደም ባንክም አልነበረም። ይህን የማነሳው ታሪክ ለማውራት አይደለም። ሕይወት የሚያድነው ዋናው ሕክምና ከ140 ዓመት በፊት የታወቀ፣ በአንድ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚሠራ መሆኑን ለማሳየት ነው። ታዲያ ዛሬ አንዲት የገጠር እህታችን በዚህ ስትሞት “የረቀቀ ሕክምና ስላጣች ነው” ማለት የሚያስችል በቂ ምክንያት አለን?

በሽታው የሚደበቅባቸው ስሞች

ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ሦስት ናቸው። የወር አበባ መቅረት ወይም መዛባት፣ ከእምብርት በታች የሚሰማ ሕመምና ጥቂት ጥቁረት ያለው ደም መታየት ናቸው። ሦስቱ ግን ሁልጊዜ አብረው አይመጡም። አንዳንዷ ትንሽ ደም ስታይ “የወር አበባዬ ዘግይቶ መጣ” ትላለች። የሦስት ወር መርፌ የምትወስደው ደግሞ አስቀድሞም የወር አበባዋ ስለሚዛባ የቀረው በመርፌው ምክንያት ይመስላታል። ደሙ ወደ ሆድ ውስጥ ሲፈስ ሌሎች ምልክቶች ይከተላሉ፤ ስትነሳ ራስ ማዞር፣ ራስን መሳት፣ ሰገራ የመጣ መምሰል፣ አንዳንድ ጊዜም ማስመለስና ተቅማጥ ይኖራል። በትከሻ ጫፍ ላይ የሚሰማ ሕመምም አለ። ትከሻ ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። የፈሰሰው ደም ሆድንና ደረትን የሚለየውን ሥጋ ሲነካው ሕመሙ በጋራ ነርቭ በኩል ትከሻ ላይ ይሰማል።

እነዚህ ምልክቶች በእኛ አካባቢ ብዙ ስም ይሰጣቸዋል። ሆዷን ሲያማት ጨጓራ፣ አሜባ ወይም የሽንት ቧንቧ ይባላል። ሲያስመልሳት ታይፎይድ ይባላል። ትከሻዋን ሲያማት ሸክም ነው፣ በረመዳን ራሷን ስትስት ደግሞ ጾሙ አድክሟት ነው ይባላል። በአንዳንድ ቤት በድንገት መውደቋ ከጂን ጋር ይያያዝና ሌሊቱን ሙሉ ሲቀራባት ያድራል። ሌላ ቦታ ደግሞ ሆዷ በቅቤ ይታሻል። ማሸቱ የቆሰለውን ቱቦ ሊቀድደው ስለሚችል በእንዲህ ዓይነት ሕመም ላይ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ስለ ሩቅያም ቢሆን ማንም ሰው አላህን ከመለመን አይከለከልም። ነገር ግን ዱዓ በመኪናም ውስጥ፣ በሆስፒታል ደጃፍም ይደረጋል። እቤት አስቀምጦ ማንጋት ግን ዱዓ አይደለም፤ መዘግየት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና እንድንፈልግ ማዘዛቸውን የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

ይህ ስህተት የገጠር ሰው አለመማር ያመጣው ብቻ ነው እንዳንል፣ ሕክምናው በተስፋፋባት በእንግሊዝ አገርም የእናቶችን ሞት የሚመረምረው አካል በተደጋጋሚ ያመለከተው ነገር አለ። በዚህ በሽታ ከሞቱት መካከል ተቅማጥና ማስመለስ ስለነበራቸው የአንጀት ሕመም ነው ተብለው የታለፉ ሴቶች ነበሩ። እንግዲህ በዚያ ያሳተ በሽታ በእኛ ጤና ኬላና መድኃኒት ቤት ማሳቱ አይደንቅም። የሚያሳዝነው ይህን እያወቁ አለመጠየቅ ነው።

አንድ የገበያ ቀን

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት የገጠር ከተማ፣ በገበያ ቀን አንድ ገበሬ ወንድማችን ለባለቤቱ የጨጓራ መድኃኒት ሊገዛ መጣ። “ከትናንት ጀምሮ ሆዷን ይዟት ነው፤ የሚያስታግስ ነገር ስጪኝ” አለኝ። ዕድሜዋን ስጠይቀው ወደ ሠላሳ እንደሚጠጋ ነገረኝ። “ወንድሜ፣ የወር አበባዋ ቀርቶባት ነበር?” ስለው ፊቱን አዞረና “እኔ ይህን ምን አውቄ!” አለ። እውነቱን ነው፤ እሱ በምን ያውቃል? በስልኩ ለጎረቤት ደውለን እሷን አገናኙን። የወር አበባዋ ሁለት ሳምንት ማለፉን፣ ከጠዋት ጀምሮ ስትቆም ዓይኗን እንደሚያጨልማትና ቀኝ ትከሻዋን እንደሚወጋት በደከመ ድምፅ ነገረችኝ። የጨጓራ መድኃኒቱን አልሸጥኩለትም። “ወንድሜ፣ ይህ በክኒን የሚያልፍ አይደለም፤ አሁኑኑ አውጧት” አልኩት። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገዱ አደረሷት፤ በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። አልሐምዱሊላህ ተርፋለች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የተራቀቀ ዕውቀት የለም። ሁለት ጥያቄና አንድ ስልክ ነው ያለው። ለዚህ ነው በአገሪቱ ያለ ማንኛውም መድኃኒት ቤት ለመውለድ ዕድሜ ለደረሰች ሴት የሆድ ሕመም መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት የምለው። የወር አበባሽን መቼ አየሽ? ደም ታይቶሻል? ስትነሺ ያዞርሻል ወይስ ትከሻሽን ያምሻል?

“ነውር አይሆንም ወይ?” የሚል ይኖራል። አዎ፣ ሴቶቻችን ሐያእ አላቸው። ከእምብርት በታች ያለውን ሁሉ “ሆዴን” በሚል አንድ ቃል የሚሸፍኑትም ለዚህ ነው። መፍትሔው ግን አለመጠየቅ ሳይሆን አጠያየቁን ማሳመር ነው። ሰው በተሰለፈበት መስኮት ጮክ ብሎ መጠየቅ አይገባም፤ ወደ ጎን ጠርቶ፣ የሚቻል ከሆነም ሴት ባለሙያ ብትጠይቅ ይመረጣል። ያላገባች ልጅ ብትሆንም ጥያቄው አይቀርም። የእኛ ሥራ ሕይወት ማትረፍ እንጂ ሰውን መመርመርና መፍረድ አይደለም። የሰማነውም አማና ነው።

ከሦስቱ መዘግየቶች በፊት ያለው መዘግየት

ታዴየስና ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጽሑፍ እናቶች የሚሞቱት በሦስት መዘግየቶች ምክንያት መሆኑን አስረድተዋል። የመጀመሪያው ለሕክምና ለመሄድ በመወሰን ላይ፣ ሁለተኛው በመንገድ ላይ፣ ሦስተኛው ሕክምና ቦታው ከተደረሰ በኋላ የሚያጋጥም መዘግየት ነው። የአገራችን የእናቶች ጤና አገልግሎትም በዚህ ሐሳብ ዙሪያ ብዙ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሴት ሠራተኞች ተመድበዋል። ለወላዶች አምቡላንስ ቀርቧል፤ መውለጃቸው የደረሰ እናቶች የሚያርፉበት ማቆያም በብዙ ጤና ጣቢያዎች ተሠርቷል።

ይሁንና እነዚህ ሁሉ እርግዝናዋ የታወቀላትን እናት የሚጠብቁ ናቸው። ብዙዎቹ የገጠር እናቶች ክትትል የሚጀምሩት አራተኛው ወር ካለፈ በኋላ ነው። ኤክቶፒክ ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ይገድላል። ስለዚህ ከሦስቱ መዘግየቶች በፊት ሌላ መዘግየት አለ እላለሁ። እሱም እርግዝና ሊሆን ይችላል ብሎ ባለማሰብ የሚመጣው ነው። የመጀመሪያውን ክትትል በጊዜ መጀመር የሚጠቅመውም ለዚህ ጭምር ነው። የወር አበባዋ አንድ ሳምንት ካለፈ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ማነጋገር ይገባል።

ከዚሁ ጋር የአምቡላንሱን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ስልክ ሲደወል “ምጥ ነው ወይ?” ተብሎ የሚጠየቅበት፣ አይደለም ከተባለም መኪናው የማይወጣበት ቦታ አለ። በሆዷ ውስጥ ደም የሚፈስባት የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ከወላዷ ባላነሰ ትቸኩላለች። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች “ነፍሰ ጡር ልትሆን የምትችልና ራሷን የሳተች ሴት” የሚለውን አምቡላንስ ከሚወጣባቸው ጥሪዎች ውስጥ በግልጽ ሊያስገቡት ይገባል።

አልትራሳውንድ በሌለበት እንዴት ይታወቃል?

የመጀመሪያው መሣሪያ በሽንት የሚሠራው የእርግዝና መመርመሪያ ነው። ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። በትክክል ተሠርቶ እርግዝና የለም ካለ ችግሩ ኤክቶፒክ የመሆኑ ዕድል በእጅጉ ይቀንሳል። ሽንቱ በጣም ቀጭን ከሆነ ግን ሊያሳስት ስለሚችል ምልክቱ ከቀጠለ ይደገማል። እርግዝና አለ ካለና ሕመም ወይም ደም ካለ ደግሞ ማህፀን ውስጥ መሆኑ በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ኤክቶፒክ መታየት አለበት። ይህ ሕግ ለጤና ኬላም፣ ለጤና ጣቢያም፣ ለግል ክሊኒክም አንድ ነው።

ሁለተኛው የባለሙያው ዓይንና እጅ ነው። የገረጣ የዓይን ሽፋን፣ የቀዘቀዘና ላብ ያጠመቀው ቆዳ፣ በደቂቃ ከ100 በላይ የሚመታ የልብ ትርታ፣ ሲነካ የሚያም የተወጠረ ሆድ ብዙ ይናገራሉ። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች እንዳያታልሉን። ወጣት ሴት ብዙ ደም እስኪፈስሳት ድረስ የደም ግፊቷ ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል፤ ከወረደ በኋላ ግን በድንገት ትወድቃለች። እንዲሁም ደም መፍሰስ እንደጀመረ የሚደረግ የደም መጠን ምርመራ ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱም የቀረው ደም ገና አልቀጠነም። “ደሟ ጥሩ ነው” ተብሎ ወደ ቤት የተሸኘች ሴት በዚያው ሌሊት ልትወድቅ ትችላለች።

ሦስተኛው ሐኪም ባለበት ቦታ የሚደረግ የመርፌ ምርመራ ነው። ከማህፀን በስተጀርባ ካለው ክፍተት በመርፌ ሲሳብ የማይረጋ ደም ከወጣ ሆድ ውስጥ ደም መፍሰሱን ያመለክታል። ደም አለመውጣቱ ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም። አልትራሳውንድ ካለ ደግሞ በሆድ በኩል የሚታይ ቀላል ምርመራ እንኳ ባዶ ማህፀንና ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ሊያሳይ ይችላል። ታማሚዋ እየተዳከመች ከሆነ ግን ምስል ለማግኘት ሲባል ቀዶ ሕክምናን ማዘግየት አይገባም።

ሲጠረጠር ምን ይደረግ?

ቤተሰብ ማድረግ ያለበት፦

1. ምግብም ሆነ መጠጥ አለመስጠት። ወደ ቀዶ ሕክምና ልትገባ ስለምትችል ሆዷ ባዶ ይሁን።
2. በጀርባዋ አስተኝቶ እግሯን ከፍ ማድረግና በብርድ ልብስ መሸፈን።
3. ወዲያውኑ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ለመሄድ መነሳት፤ የጤና መድን መታወቂያ ካለ መያዝ።
4. ደም ሊለግሱ የሚችሉ ሁለትና ሦስት ጤነኛ ሰዎች አብረው እንዲሄዱ ማድረግ።

የጤና ጣቢያ ባለሙያ ደግሞ በሁለቱም ክንዶች ወፍራም የደም ሥር መርፌ አስገብቶ ፈሳሽ ይጀምራል፤ ለሆስፒታሉ አስቀድሞ ይደውላል፤ ባለሙያ አብሮ ይልካል። ጉሉኮሱ እስኪያልቅ ብሎ ማስጠበቅ ትክክል አይደለም። ፈሳሹ የሚሰጠው በመንገድ ላይ እያለችም ነው፤ የሚፈስሰውን ደም የሚያቆመው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነውና።

እዚህ ላይ በአገራችን የተገኘ መልካም ነገር መጥቀስ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ስፔሻሊስት ለማይገኝባቸው የገጠር ሆስፒታሎች የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ እየሠለጠኑ ይወጣሉ። ከሚሠሯቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው የተቀደደ ቱቦ ማውጣት ነው። ደም ባንክ በማይገኝበት ቦታም የዓለም ጤና ድርጅት የሚቀበለው ዘዴ አለ። ሆድ ውስጥ የተጠራቀመው ትኩስና ያልተበከለ ደም ንጹሕ በሆነ ድርብርብ ጎዝ ተጣርቶ፣ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ባለው ከረጢት ተሰብስቦ ለራሷ ተመልሶ ይሰጣታል። የራሷ ደም ስለሆነ ከሌላ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይፈራም። ይህ ዘዴ በየገጠር ሆስፒታሉ ተዘጋጅቶ ሊጠብቅ የሚገባ ይመስለኛል።

መርፌና ክኒን ይበቃል ወይ?

ቀዶ ሕክምናን የሚፈሩ ቤተሰቦች “በመርፌ የሚድን ነው አሉ” እያሉ ይጠይቁኛል። አዎ፣ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት አለ። ነገር ግን የሚሰጠው ቱቦው ላልተቀደደባት፣ ደም ላልፈሰሰባትና ጽንሱ ትንሽ ለሆነ ሴት ነው። መጠኑ በሰውነቷ ስፋት እየታሰበ፣ ለእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር 50 ሚሊግራም ይሰጣል። ከዚያም የእርግዝና ሆርሞኑ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን በደም ተለክቶ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 15 ከመቶ መቀነስ አለበት። ይህ ምርመራ በሌለበትና ሆስፒታሉ በእግር የአንድ ቀን መንገድ በሆነበት ቦታ መርፌውን ሰጥቶ ወደ ቤት መሸኘት ሕክምና ሳይሆን አደጋ ነው። ለገጠሯ እህታችን ብዙ ጊዜ የሚበጀው ቀዶ ሕክምና ነው ብዬ አምናለሁ። መርፌውን የወሰደች ሴት ደግሞ ሐኪም እስኪፈቅድላት ፎሊክ አሲድ አትውሰድ፤ ቢያንስ ለሦስት ወርም አታርግዝ።

ሌላው አሳሳቢ ነገር ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው የማስወረጃ ክኒን ነው። ስለ ማስወረድ ያለን አቋም ምንም ይሁን ምን አንድ እውነት ሁላችንም ማወቅ አለብን። ይህ ክኒን የሚሠራው በማህፀን ላይ ስለሆነ ቱቦ ውስጥ ያለውን ጽንስ አያወጣም። ይሁንና ደም ያስፈስሳል፤ ሕመምም ያመጣል። ሴቲቱ “ወጣልኝ” ብላ ስትጽናና ቱቦው ይቀደዳል። ክኒኑን በጓዳ የሚሸጥ ሰው ይህን አደጋ አብሮ እየሸጠ መሆኑን ይወቅ።

“ልጄን ልታስወጡብኝ ነው?”

አንዳንድ ቤተሰብ፣ በተለይ ልጅ ለማግኘት ብዙ የጠበቀ፣ ይህን ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሐዘኑም ተገቢ ነው። ግን እውነታው መነገር አለበት። ቱቦ ውስጥ የተተከለ ጽንስ ወደ ማህፀን ሊዛወር አይችልም፤ እዚያም አድጎ ሊወለድ አይችልም። ምርጫው በእናትና በልጅ መካከል አይደለም። እናትን በማትረፍና ሁለቱንም በማጣት መካከል ነው። ዑለማዎቻችንም የእናት ሕይወት በእርግጥ አደጋ ላይ ሲወድቅ እሷን ማትረፍ እንደሚቀድም አስረድተዋል። ስለዚህ ይህን ቀዶ ሕክምና ከማስወረድ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ስህተት ነው።

የፈቃዱም ነገር አስቀድሞ ቢታሰብበት ጥሩ ነው። ባል ዐረብ አገር ወይም ሩቅ ከተማ ለሥራ ሲሄድ “ሳልጠየቅ የትም እንዳትሄድ” ብሎ ከሚሄድ፣ “አደጋ ቢመጣ አትጠብቁኝ፤ ወንድሜ ይወስናል፤ ገንዘቡም እዚህ ነው” ብሎ ቢሄድ ቤተሰቡን የጠበቀ እሱ ነው።

ከዳነች በኋላ

ደሟ በመድኃኒትና በምግብ መመለስ አለበት። ሐኪሙ ያዘዘላትን የብረት ክኒን እስከ መጨረሻው ትጨርስ፤ ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጥ። ከምግብ የበግ ወይም የበሬ ጉበት፣ ቀይ ሥጋ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ይረዳሉ። ከምግቡ ጋር ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ቲማቲም ሲጨመር ብረቱ በደንብ ወደ ሰውነት ይገባል። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ስለሚይዙት ከምግብና ከክኒኑ አንድና ሁለት ሰዓት ማራቅ ይገባል። አራሷን ለመጠየቅ የሚመጣው ጎረቤት ቡናውን ይጠጣ፤ እሷ ትቆይ! የደም ዓይነቷ ኔጋቲቭ ከሆነም ለቀጣዩ እርግዝና የሚሰጥ መርፌ ስላለ ከሆስፒታል ሳትወጣ ትጠይቅ።

አንድ ቱቦ የወጣላት ሴት “ከእንግዲህ አትወልድም” እየተባለች የምትፈታበት፣ ጣውንት የሚመጣባት ቤት አለ። ይህ ከዕውቀት ማነስ የሚመጣ በደል ነው። በቀረው ቱቦ ከግማሽ የሚበልጡት ሴቶች በኋላ በማህፀናቸው ያረግዛሉ። ችግሩ የመመለስ ዕድሉ ከ10 ሴቶች በ1 ያህል ስለሆነ ግን በሚቀጥለው ጊዜ የወር አበባዋ እንደቀረ ወዲያው ሄዳ በአልትራሳውንድ መታየት አለባት።

ታዲያ ማን ምን ያድርግ?

የመድኃኒት ቤት ባልደረቦቼ ሦስቱን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ጽፈን ከመስኮቱ ውስጥ እንለጥፋቸው፤ የእርግዝና መመርመሪያም ከማስታገሻው ጎን ይቀመጥ። የሚያጠራጥር ምላሽ ካገኘን ትርፉን ትተን ወደ ሕክምና እንሸኛት። ኢማሞችና የመድረሳ ኡስታዞች ከጁሙዓ በኋላ በአምስት ደቂቃ ይህን ቢያስረዱ ከብዙ ፖስተር ይበልጣል፤ በተለይ ለወንዶች፤ ቃሬዛውን የሚያነሱት እነሱ ናቸውና። እድሮቻችን ለቀብር ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ጥሩ ነው። ከዚያው ላይ ጥቂቱ ለአምቡላንስና ለመኪና ኪራይ ቢመደብ ቀብሩን ራሱን ያስቀራል። የደም ለጋሾች ስም ዝርዝርም በየመስጊዱ ይያዝ።

እናንተም እህቶች፣ የወር አበባችሁን ቀን መያዝ ልመዱ። ለሶላትና ለጾም ብላችሁ የምትቆጥሩት ቀን ለሕይወታችሁም ይጠቅማል። የወር አበባ ዘግይቶ ከእምብርት በታች ሕመም ከተሰማችሁ “ሆዴን ነው” ብላችሁ ዝም አትበሉ። ስትነሱ ካዞራችሁ ደግሞ ለነገ አትበሉት።

አላህ እናቶቻችንንና እህቶቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።